ጡጦ በሶዶ ሲቀቀል

ወላይታ ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውኃው ቶሎ ይንተከተካል፤ ሙቀቱ ግን እዚያው ላይ ይቆማል። ከሰል ቢጨመርበት፣ እሳቱ ቢጋጋም ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። አዲስ አበባ ላይ ቁጥሩ ወደ 92 ይወርዳል፤ ቆላ ወደሆነው አባያ ሐይቅ ዳርቻ ሲወርዱ ደግሞ ወደ 96 ይጠጋል።

በጡጦ ማሸጊያ ላይ የሚታተመው የአቀቃቀል መመሪያ ግን ይህን ከፍታ አያውቀውም። ሶዶ ኦቶና ሰፈር ያለች አራስ ውኃዋ 100 ዲግሪ እንደማይደርስ ሰምታ የልጄ ጡጦ በእርግጥ ከጀርም ይጸዳል ወይ ብላ ብትጨነቅ እውነት አላት። መልሱ አዎ፣ ይጸዳል ነው። ለምን እንደሚጸዳና መቀቀሉ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ግን ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ሕፃናትን ተቅማጥና ትውከት የሚያስይዙት እነ ኢ. ኮላይ፣ ሳልሞኔላና ሺጌላ፣ ብዙዎቹ ቫይረሶች፣ እንደ ጃርዲያ ያሉ ጥገኛ ተሕዋስያንም ሁሉ ከ70 ዲግሪ በላይ ብዙ አይቆዩም። የወተት ፋብሪካዎች ወተትን ፓስቸራይዝ ሲያደርጉ የሚጠቀሙት 72 ዲግሪ ሙቀት ለ15 ሰከንድ ብቻ ነው። በ93 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ የተቀቀለ ጡጦ ከዚያ እጅግ የበረታ እሳት አልፎበታል። ከፍታው መቀቀልን አያሰናክልም። የሚያሰናክለው ሌላ ነገር ነው፤ ወደ ዱቄት ወተቱ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

በመፍላት የማይሞትም አለ። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ችግር ሲገጥማቸው ጠንካራ ሽፋን ለብሰው እንደ ዘር ይተኛሉ፤ እነዚህን በባሕር ዳርቻ የሚፈላ ባለ 100 ዲግሪ ውኃም አይገድላቸውም። ሆስፒታሎች አውቶክሌቭ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። ፈረንሳዊው ቻርልስ ሻምበርላንድ እ.ኤ.አ. በ1879 የሠራው ይህ ዕቃ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርግ ሙቀቱ 121 ዲግሪ ይደርሳል። ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ሕክምና መቀስ በአውቶክሌቭ ማለፉ ግዴታ ነው፤ የሰው ሥጋ ውስጥ ይገባልና። ጡጦ ግን የሚገባው አፍ ውስጥ ነው። ጤነኛ ሆኖ በወቅቱ ለተወለደ ሕፃን ያ የሆስፒታል ደረጃ ቤት ውስጥ አያስፈልግም፤ በሽታ አምጪዎቹን መግደል ይበቃል። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ታሞ የተኛ ሕፃን ከሆነ ግን ሐኪሙ ያዘዘውን መከተል ነው።

እንግዲህ የትኛው ዘዴ ይሻላል ከማለት በፊት አንድ ነገር ላስቀድም፤ ከሁሉም የሚበልጠው እጥበቱ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው ድስቱን አምኖ እጥበቱን ስለሚያቃልለው ነው። ወተት ስብና ፕሮቲን አለው። ሲደርቅ በጡጦው ግድግዳ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ባክቴሪያዎቹ ከዚያ ሽፋን ሥር ይጠለላሉ፣ ይባዛሉም። ሽፋኑ ሳይነሣ ቢቀቀል ፕሮቲኑ ይበልጥ ይጋገራል፤ በረኪና ውስጥ ቢነከር ደግሞ ክሎሪኑ ጀርሙን ሳይነካ ቆሻሻውን ሲታገል ኃይሉን ይጨርሳል።

ለማረጋገጥ የታጠበ የሚመስለውን ጡጦ በመስኮት ብርሃን ትይዩ ያዙትና ውስጡን እዩ። ደብዘዝ ያለ ጭጋግ ካያችሁ አልታጠበም። ቀለበቱን ፈትታችሁ ጫፉን አውጡና የቀለበቱን የውስጥ ጥርስ በጣታችሁ ዳስሱት፤ ብዙ ጊዜ ነጭ ልጋግ የሚገኘው እዚያ ነው። ቀጥሎ የጡጦውን ጫፍ ገልብጡት፤ የጡት ቅርጽ ያለው ጉልላት መጨረሻ ላይ፣ ቀዳዳው ዙሪያ፣ ቢጫ ነገር የተጣበቀ ከሆነ የትናንት ወተት ነው። በአብሽ ውኃ የዋለ ጡጦ ደግሞ የባሰ ነው፤ አብሽ ልጋጋም ስለሆነ ውኃ ብቻ አያስለቅቀውም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የጫፉን ቀዳዳ በጋለ መርፌ አስፍቶ የቡላ ወይም የእህል አጥሚት በጡጦ መስጠት ነው። ቡላ ሲበስል የሚያጣብቅ ስታርች ነው፤ ጠባብ አንገት ያለው ጡጦ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ ይይዛል። በመርፌ የሰፋው ቀዳዳም ጠርዙ ሸካራ ስለሆነ ምግብ ይቋጥራል። ልጁ አጥሚት የሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ከደረሰ ማንኪያና ሳሕን የሚችልበት ዕድሜ ላይ ደርሷል፤ ገንፎ በማንኪያ ይብላ።

የዕቃው ቅርጽ ሰው እንደሚገድል አውሮፓና አሜሪካ በብዙ ሕፃናት ሞት ተምረውታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ረጅም የጎማ ቱቦ ያለው የብርጭቆ ጡጦ በጣም ተስፋፍቶ ነበር። ሕፃኑ ተኝቶ ብቻውን መጥባት ስለሚችል ለእናት ምቹ ነበር፤ ቱቦው ውስጡ ስለማይታጠብ ግን ሐኪሞች ገዳይ ጡጦ እስከማለት ደረሱ። የአሜሪካዋ ቡፋሎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1897፣ ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1910 በሕግ ከለከሉት። ዛሬም ጡጦ ስትገዙ አንገቱ ሰፊ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ማዕዘንና ጌጣጌጥ የሌለው፣ ጥቂት ክፍል ብቻ ያለውን ምረጡ። የሚያምረውን አትዩ፤ እጅና ብሩሽ የሚገባበትን እዩ።

እጥበቱ ራሱ ከባድ አይደለም፤ ጊዜውን መጠበቅ ነው ዋናው። ሕፃኑ እንደጨረሰ ወተቱ ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁት። ከዚያ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ክፍሎቹን ሁሉ ለያይታችሁ፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ ለጡጦ ብቻ በተለየ ብሩሽ ፈትጉት። በጫፉ ቀዳዳ ውኃ አስገድዳችሁ አሳልፉ። የወጥ ዕቃ የታጠበበት ስፖንጅና የእቃ ማጠቢያ ሳፋ እዚህ አይግቡ።

አገራችን ይህን ነገር ጡጦ ከመምጣቱ በፊት ታውቀዋለች። ከብት በሚረባባቸው ብዙ አካባቢዎች የወተት ቅል ታጥቦ ይደርቅና በወይራ ጭስ ይታጠናል። ትኩስ ጭስ ሙቀት አለው፣ ያደርቃል፣ በውስጡም ባክቴሪያን የሚያዳክሙ እንደ ፌኖል ያሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ የሚታጠነው ለመዓዛው ብቻ ሳይሆን ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽም ነው። ልብ በሉ፤ አያቶቻችንም መጀመሪያ አጥበው፣ ቀጥለው አድርቀው ነው የሚያጥኑት። ቅደም ተከተሉ ዛሬም ያው ነው። የፕላስቲክ ጡጦ ግን አይታጠንም፤ ፕላስቲክ ጭሱን ይመጥጣል፣ ከጭስ የሚመጣው ጥላሸትም ለሕፃን አይሆንም።

አሁን ወደ ዘዴዎቹ። ለሶዶና ለአካባቢዋ ቤቶች የምመርጠው ድስትን ነው። መብራት ቢጠፋ በከሰልም በቡታጋዝም ይሠራል፣ የሚገዛ ኬሚካል የለውም፣ ሥራውም በዓይን ይታያል። ለጡጦ ብቻ የተለየ፣ ክዳን ያለው ድስት ያዙ። የተፈቱትን ክፍሎች አስገብታችሁ ውኃው ሁሉንም እስኪሸፍን ሙሉት። ጡጦው ውስጥ አየር ታፍኖ እንዳይንሳፈፍ በጎን አስተኝታችሁ ሙሉት፤ ውኃ ያልነካው ቦታ አልተቀቀለም። ከድናችሁ እሳት ላይ ጣዱት። 10 ደቂቃው የሚቆጠረው ውኃው ከሥር እስከ ላይ በደንብ ሲንተከተክ እንጂ ጎን ጎኑ ላይ አረፋ ሲጀምር አይደለም። ውኃው ተኖ ዕቃው ድስቱን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ የፕላስቲክ ጡጦ የሚበላሸው ውኃ ሲያልቅበት ነው። ስትጨርሱ አታውጡት፤ ክዳኑን ሳትከፍቱ በዚያው ይቀዝቅዝ፣ እስከሚፈለግም እዚያው ይቆይ። ከሁሉ የተሻለው ማስቀመጫ ራሱ የተቀቀለበት ድስት ነው።

ከመቀቀላችሁ በፊት ግን የጡጦውን መቀመጫ ገልብጣችሁ እዩ። በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 5 ቁጥር ካለ ፖሊፕሮፕሊን ነው፤ መፍላትን በደንብ ይችላል። ምንም ምልክት የሌለው ርካሽ ፕላስቲክ ሊጣመም ይችላል። ብርጭቆ ከሆነ በቀዝቃዛ ውኃ ጀምሩለት፤ ድንገት የፈላ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ነጭ ጥርት ያለው የጡጦ ጫፍ ሲሊኮን ነው፤ ቢጫ ቡናማው ላቴክስ ጎማ ነው፤ ላቴክሱ ሲቀቀል ቶሎ ያረጃል። ያበጠ፣ የተጣበቀ ወይም የተሰነጠቀ ጫፍ ይጣል። ሕፃኑን ለማባበል አፉ ውስጥ የሚደረገው፣ የእንጀራ እናት የምንለውም አብሮ ይቀቀል። ድስቱ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር የውኃው ማዕድን ነው፤ ሎሚ ጨምቆ ማፍላት ያስለቅቀዋል።

በቀን ብዙ ጊዜ መቀቀል ከሰል ይፈጃል። ስለዚህ በየመመገቢያው ሰዓት አንድ አንድ ጡጦ ከመጣድ ሦስት አራት ጡጦ ይዞ ጠዋትና ማታ በአንድ ጊዜ መቀቀል ይሻላል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው የእንፋሎት ዕቃ ጥሩ ነው። ትንሽ ውኃ አሙቆ እንፋሎቱን በጡጦዎቹ ላይ ያሳልፋል፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ፕላስቲክ ሲነካ ወደ ውኃ ተመልሶ የተሸከመውን ሙቀት ሁሉ እዚያው ያራግፋል። በደቂቃዎች ይጨርሳል፣ በከፍታ ቦታም ይሠራል። ጉዳቱ መብራት ሲጠፋ ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ልኮላችሁ ከሆነ ደግሞ ከመሰካታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል። የማይክሮዌቩም ሥራ ያው እንፋሎት ነው፤ ውኃ ሳይኖርበት ባዶ ጡጦ ማይክሮዌቭ ውስጥ ማስገባት ግን ማጽዳት አይደለም። ፀሐይ ላይ ማስጣትም እንዲሁ ለማድረቅ ይረዳል እንጂ መቀቀልን አይተካም፤ ውጭ አቧራና ዝንብ አለ።

ክሎሪን የሚያስፈልገው ነዳጅም መብራትም ሲጠፋ ወይም መንገድ ላይ ሲሆኑ ነው። ሽታ ያልተጨመረበት፣ 5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚል ጽሑፍ ያለው፣ ቀኑ ያላለፈ በረኪና መሆን አለበት። ለ4 ሊትር ንጹሕ ውኃ 2 የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 10 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የታጠቡት ክፍሎች አየር ሳይዙ ተጠልቀው ለ30 ደቂቃ ይቆዩ፤ የሚጠለቁበት ዕቃ ብረት አይሁን። በየቀኑ ድፉትና አዲስ በጥብጡ። ሲወጣ በቧንቧ ውኃ አታለቅልቁት፤ ያጸዳችሁትን መልሳችሁ ታቆሽሹታላችሁ። አራግፋችሁ አድርቁት፤ ሽታው ካስቸገራችሁ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ብቻ አለቅልቁ። ለመጠጥ ውኃ ማከሚያ እንደ ውኃ አጋር ያሉት መድኃኒቶች በጀሪካን ልክ ሲጨመሩ ለጡጦ የሚበቃ ኃይል አይኖራቸውም። ክሎሪን ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ተቅማጥ አምጪ ተሕዋሲ በደንብ አይገድልም፤ መፍላት ግን ይገድለዋል። ድስቱን ከበረኪናው የማስቀድመው ለዚህም ጭምር ነው።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ በሃይላንድ ተቀድቶ ያለ ጽሑፍ የሚሸጠውን በረኪና ለሕፃን ዕቃ አትጠቀሙበት። ስንት እጅ እንደቀጠነ፣ ስንት ቀን ፀሐይ እንደመታው አይታወቅም። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። በሃይላንድ ያለን በረኪና ውኃ መስሎት የጠጣ ልጅ ጉሮሮው ሊቃጠል ይችላልና ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

በየትኛውም ዘዴ ይጽዳ፣ ካወጣችሁ በኋላ በፎጣ ወይም በነጠላ ጫፍ አትጥረጉት። እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ጫፉን በጠርዙ ይዛችሁ ግጠሙት። ደረቅ ሆኖ ተገጥሞ የተከደነ ጡጦ ይቆያል፤ ክፍት የተተወ ጡጦ ግን ዳግም መቀቀል አለበት።

ከላይ ያቆየሁት የከፍታው ነገር እዚህ ይመጣል። ዱቄት ወተት፣ ቆርቆሮው ቢታሸግም፣ ከጀርም ነፃ አይደለም። ክሮኖባክተር የሚባል ባክቴሪያና ሳልሞኔላ ሊኖሩበት ይችላሉ፤ ክሮኖባክተር በተለይ ከሁለት ወር በታች ያሉትን ሕፃናት ለማጅራት ገትር ይዳርጋል። ስለዚህ ጡጦውን በሚገባ ቀቅሎ ዱቄቱን ለብ ባለ ውኃ መበጥበጥ በሩን ዘግቶ መስኮቱን እንደ መክፈት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ መሠረት የሚበጠበጥበት ውኃ ከ70 ዲግሪ በታች መሆን የለበትም፤ ይህም እንዲሆን የፈላው ውኃ ከ30 ደቂቃ በላይ አይቆይም ይላል።

30 ደቂቃው ግን በ100 ዲግሪ ለሚጀምር ውኃ ነው። የሶዶ ውኃ ከእሳት ሲወርድ 93 ስለሆነ ወደ 70 የሚወርድበት መንገድ አጭር ነው። ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ በባሕር ወለል 30 ደቂቃ የሚፈጀው ቅዝቃዜ እዚህ 24 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ውኃው ከአንድ ሊትር ካነሰ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። ስለዚህ ሶዶም ሆነ አዲስ አበባ ያላችሁ 20 ደቂቃ ሳይሞላ በጥብጡት። ፈልቶ ወዲያው ጥሩ ፔርሙዝ ውስጥ የገባ ውኃ ሙቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፤ ሙቀት የማይዝ ያረጀ ፔርሙዝ ግን ለዚህ ሥራ አይታመንም። ከበጠበጣችሁ በኋላ የተዘጋውን ጡጦ ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳሕን ውስጥ አቁማችሁ አብርዱትና በእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ለብ ሲል ስጡት። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣ ይደፋል፤ ሕፃኑ የጀመረው ትራፊም እንዲሁ። ልብ አልጨክን ብሎ የተረፈውን ማስቀመጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ወተቱ ውድ ነው። ሆኖም ምቹ ሙቀት ላይ ያለ ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ በስድስት ሰዓት ከ260,000 በላይ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ጡጦ ምን ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ አይቷል። የጡት ወተት ያላት እናት እስከ ስድስት ወር ድረስ ይህ ሁሉ አያስፈልጋትም፤ ሥራ የምትገባ ከሆነ በታጠበ እጅ ወደ ተቀቀለ ክዳን ያለው ዕቃ አልባ ትታ መሄድ ትችላለች። እንደ ሶዶ ባለ ነፋሻ አየር፣ ጥላ ውስጥ፣ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። የጡት ወተት የሌላት ወይም የታመመች እናት ያለችባቸው፣ ወይም የሕፃኑ እናት በሞት የተለየችባቸው ቤተሰቦች ግን ዱቄት ወተት ያስፈልጋቸዋል፤ እነርሱ በምንም ሊወቀሱ አይገባም፤ የሚያስፈልጋቸው ትክክለኛ መረጃ ነው።

ለእነርሱም ቢሆን ጡጦ ግዴታ አይደለም። ከፍተኛ የምግብ እጥረት ይዟቸው ሆስፒታል የሚተኙ ሕፃናት ኤፍ 75 የሚባለው ወተት የሚሰጣቸው በአብዛኛው በኩባያ ነው፤ ጡጦ እዚያ ክፍል አይገባም። ኩባያ አፉ ሰፊ ነው፣ አንገት የለውም፣ ቀለበት የለውም፣ ቀዳዳ የለውም፤ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ታጥቦ መጽዳቱ በዓይን ይታያል፣ ሲቀቀልም ሁለንተናው ይቀቀላል። ሕፃኑን ቀና አድርጎ ጭን ላይ አስቀምጦ፣ የኩባያውን ጠርዝ ከታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፎ፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ማዘንበል ነው። አፉ ውስጥ አይፈስበትም፤ ራሱ በምላሱ እየላሰና እየመጠጠ ይወስዳል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ትንንሾች ሳይቀሩ በዚህ መንገድ ይመገባሉ።

ስለዚህ ጡጦ ልትገዙ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት፣ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም የጤና ጣቢያውን አዋላጅ በኩባያ እንዴት እንደሚመገብ እንድታሳያችሁ ጠይቁ።